ሲስተር፣ መጽሐፉን እንዳለ ክፈቺው

እስቲ ይታያችሁ፣ አንዲት የዓይን ነርስ የገዛ እጇን ስትፈራ! ሲስተር ዛሬ ጠዋት ክሊኒኩ ደርሳ ነጭ ጋወኗን ለበሰች፤ የፊደል ሰሌዳውን መብራት አበራች፤ መሣሪያዎቹን ወለወለች። ከዚያ ወንበሯ ላይ ዘፍ ብላ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ አየቻቸው። «ምን ቆርጦኝ ነው እሺ ያልኩት?» አለች ለራሷ። ከበሩ ውጪ የሚመረመሩት ሰዎች መሰብሰብ ጀምረዋል፤ ሳላቸውና ሳቃቸው ይሰማል። ከመሃላቸው የእሱን ሳቅ ለየችው።

እሱ መልህቁ ነው። መልህቁ ያሉት እንደሱው መርከብ ላይ ሥራ የሚፈልጉ ጓደኞቹ ናቸው፤ የባህረኞች ቅጥር ቢሮ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንዴ ከተጣለ የሚነቅለው ጠፋ ብለው። ሌላው ጥቂት ይሞክርና ተስፋ ቆርጦ ወይ ሲሚንቶ ሊሸከም ወይ ታክሲ ሊነዳ ይሄዳል። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ፣ መረብ እየጠገነች ያሳደገችው እናቱ የተኮሰችለትን ሸሚዝ ለብሶ፣ ቀጠሮ እንዳለው ሰው በሰዓቱ ከች ይላል። የቅጥር ሹሙ አንገቱን በመስኮት ብቅ ያደርግና «ነገ ና» ይለዋል። ሰውየውን ራሱን «ነገ-ና» ብለው ስም አውጥተውለታል፤ ዘበኛው ሳይቀር ተሳስቶ «ጋሽ ነገ-ና ገብተዋል» ያለበት ቀን አለ።

ሲስተርና መልህቁ የተዋወቁት በዝገት ነው። አንድ ሰሞን የቀን ሥራ አግኝቶ የአሮጌ ጀልባ ሆድ ሲፍቅ ብናኝ ዓይኑ ውስጥ ይገባና ወደ ክሊኒኩ ይመጣል፤ እሷ ትነቅልለታለች። «ዝገቱን አውጥታ ራሷን አስገባች» ይላሉ ጓደኞቹ። እሷም ስትሰማ ትስቃለች፤ እውነት ነዋ!

ከዚያ ወዲህ በመሃላቸው አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ያወጣችውም እሷ ናት። ቢሮው ሥራ ከለከለውም አልከለከለውም፣ ማታ ሲገናኙ ባዶ እጁን መምጣት የለም። አንድ አዲስ ነገር ተምሮ መምጣት አለበት። አንድ ቀን አዲስ የገመድ አቋጠር፣ ሌላ ቀን መርከቦች በባንዲራ የሚነጋገሩትን፣ ሌላ ቀን ደግሞ ሰው ውሃ ውስጥ ሲወድቅ በሬዲዮ የሚባለውን። አንድ ማታ ገመዱን ወርውሮ «በቃኝ! እኔ ባህረኛ አልሆንም፤ ሲሚንቶዬን ልሸከም» ሲላት ገመዱን ከመሬት አንስታ፣ እሱ ያስተማራትን ቋጠሮ ዓይኗን ጨፍና ቋጥራ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «አንተ ባህረኛ ሆነህ ነው የምትወስደኝ» አለችው። ማግስቱን ጢሙን ተላጭቶ አግዳሚው ላይ ተገኘ።

ይህንን ያለችው ለጨዋታ አልነበረም። አባቷ ጡረታ የወጡ ካፒቴን ናቸው፤ ከተማው ሁሉ ከመቀመጫው የሚነሳላቸው። ስለ መልህቁ ሲሰሙ አልጮሁም፣ አልተቆጡም። «ልጄን ለአግዳሚ ወንበር አልድርም» ብቻ አሉ። «መርከብ ላይ ይውጣ፤ ከዚያ ይምጣ።» የካፒቴኑ ቃል ደግሞ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው።

*

ጉዱ የፈላው በወደቡ የድንጋይ ግንብ ላይ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ እዚያ ተቀምጠው ገቢና ወጪ ጀልባዎችን ማየት ይወዱ ነበር። መርከብ በግራ ጎኑ ቀይ፣ በቀኝ ጎኑ አረንጓዴ መብራት አለው፤ ያንን ያየ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። «ያቺ ደግሞ ወዴት ናት?» ትለዋለች ሲስተር። «ቆይ ልንገርሽ» ይላታል። ጀልባዋ ቀርባ እስክትታጠፍ ይጠብቅና «እየገባች ነው!» ይላል። ሲስተር መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ጠረጠረች። በመጨረሻ የነርስ ዓይኗ ያየውን የሴት ልቧ አልቀበልም አለ፤ ክው ብላ ቀረች።

«እነዚህ ሁለቱ መብራቶች» አለችው ቀስ ብላ፣ «ለአንተ አንድ ናቸው?»

ዓይኑን ከባህሩ ላይ ሳያነሳ፣ «ከልጅነቴ ጀምሮ» አላት።

ለእናቱም ለጓደኞቹም ያልነገረውን ያን ማታ ዘረገፈላት። ከትንሽነቱ ጀምሮ የበሰለውን ቲማቲም ከጥሬው በመዳበስ ነው የሚለየው። ምርመራው እንደሚመጣም ስለሚያውቅ ተዘጋጅቶበታል። በክሊኒኩ ያለውን የነጠብጣብ መጽሐፍ፣ ባለቀለም ነጠብጣቦች ተሰባስበው ቁጥር የሚሠሩበትን፣ አግዳሚው ላይ ያልሸመደደው የለም። ከሱ በፊት የተመረመሩ ሁሉ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያሉትን ቁጥሮች በተራ ነግረውታል። እሱም እንደ ጸሎት ይዟቸዋል።

«በሞቴ» አላት እጇን ይዞ፣ «ምንም አትዋሺልኝ፤ ምንም አትጻፊልኝ። ተራዬ ሲደርስ መጽሐፉን እንዳለ ክፈቺው፤ ከፊት ወደ ኋላ፣ በተራው። ሌላውን ለእኔ ተዪው።»

እሷም በፍቅር ዓይኗ እያየችው «እሺ» አለች። ያን ማታ እውነትም ቃሏን የምትጠብቅ መስሏት ነበር።

*

ፍርሃት የገባባት በቤታቸው የምሳ ጠረጴዛ ላይ ነው። አባቷ ሾርባቸውን ይጠጣሉ። እሷ ማንኪያዋን ታማስላለች እንጂ አትቀምስም።

«አባዬ፣ ማታ መርከቡ ፊት ላይ ቆሞ የሌሎችን መርከቦች መብራት የሚጠብቅ ሰው ቀዩን መብራት አረንጓዴ ነው ቢል ምን ይሆናል?» ስትል ጠየቀች፣ እንደ ዋዛ።

ካፒቴኑ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ማን አለ?»

«ማንም። እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ የሚባል ጥያቄ አይደለም ይሄ፣ ልጄ።» አፋቸውን በፎጣ ጠረጉ። እኚህ በማዕበል ውስጥ ሻይ ይጠጣሉ የሚባሉት ሰውዬ የሾርባውን ሳህን ገፋ አደረጉት። «በጨለማ ትልቅ መርከብ አይታይም፤ የሚታየው መብራቱ ነው። ጠባቂው ‹እየራቀን ነው› ይልሃል፤ አንተም ታምነዋለህ። እውነቱን ስታውቅ ጉዱ አፍንጫህ ላይ ደርሷል። እኔ ከውሃ ውስጥ ሰው ጎትቼ አውጥቻለሁ። ሲጮሁ ሰምቼ ደግሞ ያላገኘኋቸው አሉ። እናትሽ አጠገቤ ተኝታ ስንት ጊዜ በጩኸቴ ነቅታለች መሰለሽ!» ሾርባውን ሳይጨርሱ ተነሱ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሲስተር ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር የምታየው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። መልህቁ በተተኮሰው ሸሚዙ ጨለማ ውስጥ ቆሞ፣ ሁለት አንድ ዓይነት መብራት እያየ፣ «ቆይ ልንገርሽ» ሲል።

ልትነግረው ብዙ ጊዜ አፏን ከፈተች። ታዲያ በዚያው ሰሞን ነገ-ና በመስኮት ብቅ ብሎ፣ ዓለም ይገለባበጥ ይመስል፣ «ጥበቃ የሚቆም ባህረኛ ይፈለጋል፤ መልህቁ፣ ለሕክምና ምርመራ ቅረብ» አለ! አግዳሚው በጭብጨባ ተናጋ። እናቱ መረቧን ጥላ እልል አለች። መልህቁ እየሮጠ መጥቶ ክሊኒኩ በር ላይ ሲስተርን ብድግ አድርጎ አዞራት። እንዲህ የሚስቅን ሰው በምን አንደበት ይነግሩታል?

*

«ቀጣይ!»

ገባ። ጢሙን ተላጭቷል፤ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቷል። ከኋላው የመርከቡ መኮንን ተከትሎ ገባና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በሩ ላይ ቆመ። መርከቡ ማታውኑ ስለሚነሳ ሰዎቹን ራሱ ሊወስዳቸው መጥቷል።

«እንደምን አደርሽ፣ ሲስተር» አላት መልህቁ፣ ኮስተር ብሎ። ዓይኑ ግን ይስቃል።

የፊደል ሰሌዳውን እስከ ታችኛው መስመር አነበበ። እንደ ንስር ነው የሚያየው። ያ ነው እኮ የሚያሳዝነው! ጆሮውም ደህና፣ ሁሉም ደህና። የቀረው መጽሐፉ ብቻ ነው። ከመሳቢያው አወጣችው። ቃሌን እጠብቃለሁ ብላ ነው ያወጣችው፤ ሙት አልዋሽም፣ ያን ጊዜም ቢሆን ቃሏን ልትጠብቅ ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠችለት፤ እሱን ማንም አያጣውም።

«አሥራ ሁለት» አለ።

መኮንኑ በዚህ መሃል ጣልቃ ገባ። «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው። ቶሎ እንጨርስ፣ ሲስተር። ዛሬ ማታ የመጀመሪያውን ጥበቃ የሚቆመው እሱ ነው፤ ጭጋግ ይኖራል ተብሏል።»

ጭጋግ። የአባቷ ያልተጠጣ ሾርባ ታያት፤ ሲጮሁ የተሰሙትና ያልተገኙት ታዩዋት። እዚያ መርከብ ላይ ያሉት ሌሎቹ ሰዎችም ታዩዋት፤ እነሱም የምትጠብቃቸው ሴት ትኖራቸዋለች። እጇ ወደ ሁለተኛው ገጽ ሄደ። ደረሰ። አለፈው። ከመጽሐፉ ወገብ ላይ አንዱን ገጽ ገልጣ ፊቱ አቆመችው።

«ስምንት» አለ መልህቁ ፈጥኖ፣ በልበ ሙሉነት፤ የሁለተኛውን ገጽ ቁጥር።

ቀለም የሚለይ ዓይን ሁሉ እዚያ ገጽ ላይ ሰባ አራት ቁጥርን ያያል። ሲስተር ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። ነጠብጣቦቹን ማንበብ ባይችል የእሷን ፊት ማንበብ ያውቅበታል። የሆነውን ከፊቷ ላይ አነበበው። መጀመሪያ አላመነም። ቀጥሎ ዓይኑ ውስጥ የነበረው ሳቅ ጠፋ። ሲስተር በሕይወቷ እንዲህ ያለ አስተያየት አይታ አታውቅም፤ ሁለተኛም እንዳታይ ትመኛለች።

«ምን አለ?» አለ መኮንኑ ከበሩ ቀረብ ብሎ።

አንድ ቃል ይበቃው ነበር። «ቃል ገብታልኝ ነው» ቢል እንጀራዋ ያን ጊዜውኑ ተዘጋ። ወይም ቀጣዩን ቁጥር፣ ከዚያም ቀጣዩን እየገመተ ሊታገል ይችላል፤ አልታገለም። መጽሐፉን በእጁ ቀስ ብሎ ከፊቱ ዘወር አደረገው።

«አይታየኝም፣ ሲስተር» አለ።

ተነስቶ ወጣ። መኮንኑ ከንፈሩን እየመጠጠ፣ «ያሳዝናል፤ እንዲህ ያለ ጠንካራ ሰው!» ብሎ ተከተለው። ሲስተር ወረቀቱ ላይ ‹ለጥበቃ ሥራ ብቁ አይደለም፤ ለሌላ ሥራ ብቁ ነው› ብላ ጻፈች። ለክሊኒኩ ሐኪም ለፊርማ ስትሰጠው እንባዋ ወረቀቱ ላይ እንዳይወድቅ ፊቷን አዞረች።

*

ያገኘችው አግዳሚው ላይ ነው። ጓደኞቹ ለምሳ ሄደዋል፤ ብቻውን ነው። ጋወኗን እንኳ ሳታወልቅ ስትሮጥ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«ሲስተር፣ ደህና ነዎት?» አላት።

እርስዎ አላት! በጥፊ ቢላት ይሻላት ነበር። አንቺ ሲላት የኖረ አፍ በአንዲት ቃል ባዳ አደረጋት።

«እንዲህ አትበለኝ። በሞትኩት! ስደበኝ፣ ጩህብኝ፣ እንዲህ ግን አትበለኝ።»

«ምን ልበልዎት ታዲያ? የካፒቴኑ ልጅ ነዎት። አባትዎ ‹ይሄን የመረብ ጠጋኝ ልጅ ገላግይን› ብለዋል፤ ገላግለዋቸዋል። እንኳን ደስ አለዎት።»

«አባቴ ስምህን እንኳ አላነሳም!»

«ታዲያ ምን አድርጌሽ ነው?» ብሎ ጮኸ፤ ሳያውቀው አንቺ ብሏታል። «ምን አደረግኩሽ? ስንት ጠዋት ነው እዚህ የተቀመጥኩት? ‹ነገ ና› ሲሉኝ፣ ሲስቁብኝ፣ እናቴ ሸሚዜን ስትተኩስ ቀና ብላ ላታየኝ ስትሞክር፣ ስለ ማን ነበር ጥርሴን የነከስኩት? አመንኩሽ እኮ! በዚህች ምድር ላይ ያንን ነገር የነገርኩት ለአንቺ ብቻ ነው!»

«እኔ ደግሞ ፈራሁ!» ሲስተርም ጮኸች። ሌላ ጊዜ ድምጿ ከክፍል ክፍል የማይሰማ ሴት፣ የቢሮው ዘበኛ ዞር ብሎ እስኪያያት ድረስ። «ፈራሁ! ትሞትብኛለህ ብዬ ፈራሁ! መኮንኑ ጭጋግ አለ ሲል እጄ ገጹን አለፈው። አንተ ብትጠላኝ፣ ሌላ ብታገባ፣ በመንገድ ሳታየኝ ብታልፍ፣ ሁሉንም እችለዋለሁ። ውሃ ውስጥ ስትጮህ ግን ማንም ሳያገኝህ... እሱን አልችለውም። አልችልም!»

ያ ሁሉ የመልህቁ ቁጣ የት እንደገባ አልታወቀም። እጇን ጎትቶ አጠገቡ አስቀመጣት። ሁለቱም ከፊታቸው ያለውን የቢሮውን መስኮት አዩ።

«እኔም እኮ» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሆኖ።

«አንተም ምን?»

«እፈራ ነበር። ነገ-ና ‹ነገ ና› ባለኝ ቁጥር አንድ ቀን ተረፍኩ እል ነበር። ጓደኞቼ ያዝኑልኛል፣ እኔ በሆዴ ተመስገን እላለሁ። ከዚያ አንቺ ገመዱን ይዘሽ ትመጪና...» ሳቅ ብጤ አለ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል። «‹ባህረኛ ሆነህ ነው የምትወስደኝ› ስትዪኝ ይሄን ፍርሃት ምን ብዬ ልንገርሽ? ‹ፈሪ› የምትዪኝ መሰለኝ።»

እሷ ስትገፋው የኖረችው እሱ የሚፈልግ መስሏት፤ እሱ ሲሄድ የኖረው እሷ የምትፈልግ መስሎት። ሁለት ሰው እየተዋደደ ገደል አፋፍ ድረስ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲሄድ፣ አንዱም ቁም የሚል ጠፍቶ! ግንባሯን ትከሻው ላይ አድርጋ አለቀሰች። እሱም አባበላት።

«ባህሩን ትጠላዋለህ?» አለችው ኋላ፣ አፍንጫዋን በመሐረቡ እየጠረገች።

«ባህሩንማ እወደዋለሁ። የፈራሁት ሰው ማስጨረስን ነው።»

«ወጥ ቤትስ?»

«የምን ወጥ ቤት?»

«መርከብ ላይ የሚሠራ ሁሉ መብራት አይጠብቅም። ምግብ የሚሠራው ይሄ መጽሐፍ አይገለጥለትም። ወረቀትህ ላይ ለሌላ ሥራ ብቁ ነው ብዬ ጽፌአለሁ።»

መልህቁ አፍጥጦ አያት። «እኔ? ድንች ልጣጭ?»

«አዎ፣ ድንች ልጣጭ! ሽንኩርት ክተፍ! የፈለግከውን አብስል!»

«አባትሽስ ምን ይላሉ? ‹ለሽንኩርት ከታፊ ልጄን አልድርም› ቢሉስ?»

«መርከብ ላይ ይውጣ ነው ያለው። የት ይቁም አላለም።»

ይሄኔ ሳቀ። ከልቡ ሳቀ። ተነስቶ ሸሚዙን አስተካክሎ ወደ ቢሮው ገባ፤ በሩ ክፍት ቀርቶ ስለነበር ሲስተር ሁሉንም ሰማች። የነገ-ና ወንበር ሲንጣጣ፣ «ወጥ ቤት?» ብሎ ሲስቅ፣ «እዚህ ያለው ሁሉ መሪ ልጨብጥ ባይ ነው፤ ወጥ ቤት ልግባ ያለኝ ሰው አንተ የመጀመሪያዬ ነህ» ሲል። ስልክ ተደወለ። መኮንኑ ሲጠየቅ፣ ሲስማማ፣ የወረቀቱ ጉዳይ ሲጣራ። ሲስተር አግዳሚውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ «ይቀበሉት፣ እባክህ አምላኬ፣ ይቀበሉት» እያለች ትለምናለች።

ተቀበሉት።

እየሮጠ ወጣ። ፊቱ በርቷል። «ተቀበሉኝ! ጓዜን ይዤ በአሥራ ሁለት ሰዓት መርከቡ ላይ መሆን አለብኝ!» አላት።

ሲስተር ተነሳች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ አፏም ደስ ብሎት «እሰይ!» አለ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ያሰበችው መብራቱን ነው፣ ጭጋጉን ነው፣ የሚሰጥም መርከብ ነው። ደህና ሆኖ ሊሄድባት እንደሚችል፣ ሄዶም ለወራት እንደማይመለስ፣ ይህችን ነገር አንድም ቀን መፍራት ትዝ ብሏት አያውቅም። አሁን መጣባት፤ በአንድ ጊዜ፣ ሙሉውን።

«ምነው? ፊትሽ ጠቆረ እኮ» አላት።

«ምንም አይደል። ሂድ» አለችው። «እናትህን ተሰናበታት። ቶሎ በል፣ እንዳይመሽብህ።»

እጇ ግን የሸሚዙን እጅጌ ጨብጦ ነበር፤ ሂድ፣ ሂድ እያለችው አልለቀቀውም።